ለእናት ብቻ የተከፈተ በር

ኤርካሎ በሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል በር ላይ መቆም ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሞቹ ለጉብኝት ሲመጡ ከአልጋ አልጋ እየዞረ፣ አንዴ በወላይትኛ አንዴ በአማርኛ፣ አስታማሚ ይውጣ ይላል። እናቶቹ ጡት የያዘውን ልጅ ሳይቀር አላቅቀው፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ይወጣሉ። በሩ ይዘጋል። ከውስጥ ለቅሶው መጀመሪያ ያይላል፣ ቆይቶ ይደክማል፣ ሐኪሞቹም ሥራቸውን ይሠራሉ። ኤርካሎ ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ለተኮለኮሉት እናቶች ሰጥቶ እስከ አምስት ሰዓት ይቆማል።

እናቶቹ መቀርቀሪያው የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። እሱም ያውቃል። ፊት ለፊት የጠራችው ስትገኝ፣ መቀርቀሪያ ባይኖር ጅብ ነው የሚገባው ብሎ ያስቃታል። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ውሃ ለጠየቀችው ውሃ ያመጣል፣ መድኃኒት ቤቱ የጠፋባትን መንገድ ያሳያል፣ አማርኛ ያልገባትን ያስረዳል። በሩን ግን አይከፍትም።

ታዲያ በዚህ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በሩን የሚመለከት አዲስ ነገር መጣ። ነርሶቹና ሐኪሞቹ በስብሰባ አዳራሹ ሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱ። ወንበሩን የደረደረው ኤርካሎ ነው። ጥበቃ ስለሆነ ግባ ያለው የለም፤ በመስኮቱ በኩል ግን የሚበቃውን ሰማ። ልጅ የሚታከመው ከነቤተሰቡ ነው ይላሉ። መርፌ ሲወጋ የሚያውቀው እጅ ይያዘው፣ ሐኪሙ የሚለውን ወላጁ አብሮ ይስማ፣ ወላጅ እንግዳ አይደለም፣ አጋዥ ነው ይላሉ። ኤርካሎ ይህን ሰምቶ የራሱን ነገር አሰበ። እናቶቹ ካልወጡ መቀርቀሪያ ምን ያደርጋል? ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። እናት በጉብኝትም ሆነ በሕክምና ሰዓት ከልጇ አጠገብ መቆየት ትችላለች ይላል። ከሥሩ ደግሞ ወንድ አስታማሚ መግባት የሚችለው ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ መሆኑን ይናገራል። እናቶቹ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ አልጋ የሚተኙበት፣ ጡት የሚያጠቡበት ክፍል ነውና ኤርካሎም ይህንን ልክ ነው ብሎ ተቀበለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ኤርካሎ አፉን ሳይከፍት እናቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ተመለሱ አላቸው። ቆመው አዩት። አንዷ ምን አጠፋን ብላ ጠየቀችው። ምንም አላጠፋችሁም፣ ግቡ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ሁኑ ቢላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ከአረካ የመጣች ሴት በመጨረሻ ሳቀችና፣ ዛሬ መቀርቀሪያው ጤና የለውም ብላ መጀመሪያ ገባች። ሌሎቹ ተከተሏት። በዚያ ቀን ለቅሶው ግማሹ እንኳ አልነበረም። ኤርካሎ ሰው በሌለበት ግቢ ፊት ቆሞ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ማክሰኞ ጦና መጣ።

ጦና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የመጣ ገበሬ ነው። ልጁን ሚስጥርን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ሃላሌ በእግሩ ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና ሶዶ ገባ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል። እግሮቿ አብጠዋል፣ ፀጉሯ ሳስቶ የበቆሎ ጢም መስሏል፣ ደረቷም ያፍናል። የምግብ እጥረት የጎዳቸው ሕፃናት የሚተኙበት ጥግ ላይ አልጋ ተሰጣት። በየሦስት ሰዓቱ እየተለካ የሚሰጥ ልዩ ወተት ታዘዘላት። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ቢሰጡት ልቡ ይደክማል፣ ቢያሳንሱበት ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እያንዳንዷ ጉንጭ ትጻፋለች።

እናቷስ አሉት ነርሶቹ። እናቷን አምጣ አሉት። እሺ አለ። ከአማርኛ አጥርቶ የሚያውቃት ቃል ይህችው ነበረች። ነገ ትምጣ አሉት፤ እሺ አለ። አንተ እዚህ መቆየት አትችልም፣ ውጣ አሉት፤ እሺ ብሎ ወጣ። ልጅቷ ከኋላው እጇን ዘርግታ ቀረች።

ሚስጥርን እንድትከታተል የተመደበችው ረድኤት የምትባል ነርስ ናት። ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ሶዶ ተወልዳ ያደገች ብትሆንም የገጠሩን ወላይትኛ እምብዛም አትሰማም። በዚያው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጦና በጠያቂ ሰዓት ሲገባ፣ ወተቱን ለክታ ኩባያውን ሰጠችው። ዞር ብላ ሌላ ልጅ አይታ ስትመለስ ጦና ኩባያውን ከራሱ ከንፈር ላይ አድርጎታል። ነጠቀችው። የልጅህን ወተት ትጠጣለህ እንዴ አለችው። እሺ አላት።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃል። የተራበ ወላጅ ይቀምሳል፣ ቤት ለቀረው ሌላ ልጅ የሚደብቅም አለ። ስለዚህ ረድኤት ባየችው አልተደነቀችም፤ አዘነች እንጂ። አባት የልጅቷን ወተት ስለሚጠጣ ኩባያ አይሰጠው ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ወተቱን የምትሰጠው ራሷ ሆነች። ሚስጥር አፏን ገጠመች።

ረቡዕ ጠዋት አልጠጣችም። ቀትር ላይ አልጠጣችም። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡላት፣ ነቀለችው። መልሰው አስገቡ፣ መልሳ ነቀለችው፤ በሁለተኛው አፍንጫዋ ደማ። ረድኤት ደረጃው ሥር ቆማ በጋውኗ እጅጌ ዓይኗን ስትጠርግ ኤርካሎ አያት። ምን ሆንሽ ልጄ አላት። ቀኑን ሙሉ አንድ ጉንጭ አላጠጣኋትም፣ ዶክተሩ ሥራዋን አልሠራችም ብሎ ያስባል አለችው። ከዚያም የአባትየውን ነገር፣ ኩባያውን እንዴት እንደያዘው ነገረችው። እናቷ ትምጣ እያልን በየቀኑ እሺ ይለናል፣ እንዲህ የሚጨክን አባት አይቼ አላውቅም አለች። ኤርካሎ እህ ብሎ አለፈ። የነርስ ጉዳይ የጥበቃ ጉዳይ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ኤርካሎ ሥራ ሲገባ ጦናን ከሕፃናት ክፍሉ መስኮት ሥር ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘው። ሌሊት ዘንቦ ነበርና ጋቢው እስከ ትከሻው ርሷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሐኪሞቹ ውስጥ ጉብኝት ጀመሩ። ዶክተር ኢሳይያስ፣ የክፍሉ ሐኪም፣ በሩ አጠገብ ከክፍሉ ኃላፊ ከሲስተር አሳየሽ ጋር ሲነጋገር ኤርካሎ ሰማ። የጥጓ ልጅ ሰውነቷ እየቀዘቀዘ ነው፣ ስኳሯ ወርዷል አለ ዶክተሩ። የሦስት ሰዓቱን ወተት ካልወሰደች እጆቿን በጨርቅ አስረን ቱቦውን መልሰን እናስገባለን። ደረቷ እንዲህ እያፈነ ስትታገል ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ግን ሌላ ምርጫ የለንም።

ኤርካሎ ሰዓቱን አየ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

ውስጥ ሚስጥር ማልቀስ ጀመረች። የሌሎቹን ልጆች ለቅሶ የሚመስል አልነበረም፤ ጉልበቱ ያለቀ፣ እንደ ድመት ግልገል የቀጠነ ድምፅ ነው። አባቷን ትጠራለች። ጦና መስኮቱ ሥር አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ አልተነሳም።

ኤርካሎ ይህንን ለቅሶ ያውቀዋል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ዘማሪ የምትባል ልጁ ሰባት ዓመቷ ሳለ ከዛፍ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ እዚሁ ክፍል ተኝታ ነበር። አጥንቱ ሊታሽና ሊስተካከል ሲል አስታማሚ ይውጣ ያለው እሱ ነው፤ ሚስቱን ራሱ በእጁ ይዞ አስወጣት። ለራሱ ቤተሰብ አደላ እንዳይሉት ፈርቶ ነበር። ከዚያ በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጠ። ልጅቷ አባባ እያለች ጮኸች። እሱ ግን አልገባም። ክንዷ ደህና ሆኖ ገጠመ። አሁን አረካ አስተማሪ ናት፤ ለበዓል ስትመጣ ስኳርና ዘይት ይዛ ትመጣለች፣ ጉልበቱን ትስማለች። አንድ ቀን ብቻ፣ እራት በልተው ሲጨዋወቱ፣ ያለ ቂም፣ እንደ ተራ ነገር፣ በሩ ከወለሉ ከፍ ስለሚል በሥሩ እግሮችህ ይታዩኝ ነበር አለችው። ኤርካሎ ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ሲቆም አንዳንዴ ሳያስበው እግሩን ያሸሻል።

ሄዶ ጦና አጠገብ ቁጢጥ አለ። በወላይትኛ ሰላም ብሎት፣ ብርዱን ጠይቆት፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ አጣርቶ፣ እንደ አገሩ ወግ ቀስ ብሎ ወደ ነገሩ ገባ። የልጅህን ወተት ለምን ጠጣህ አለው።

«አልጠጣሁም» አለ ጦና። «ከንፈሬን ነው ያስነካሁት። እሷ ብቻዋን ጠጥታ አታውቅም።»

ቀጥሎም ነገሩን ዘርዝሮ ነገረው። እናቷ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ታማ አልጋ ያዘች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሚስጥርን የሚያበላትም የሚያስተኛትም እሱ ሆነ። ወተትም ይሁን አጥሚት፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ከአንድ ቅል፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚጠጡት። የእሱ ከንፈር ከሌለበት አትጠጣም።

ኤርካሎ ልጅነቱ ትዝ አለው። ዱቦ አጠገብ ባለው የልጅነት መንደሩ አባቱና ጎረቤታቸው በድንበር ተጣልተው፣ ሽማግሌ አስታርቋቸው፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል ሲጠጡ አይቷል። የሚዋደድ እንዲያ ይጠጣል። ብቻውን የሚጠጣ የተጣላ ነው፣ ወይም ዘመድ የሌለው ነው። ለዚች ልጅ አንዲት ነጭ የለበሰች የማታውቃት ሴት ኩባያ ስትደቅንባት ምን እንደመሰላት አሁን ገባው።

«እናቷስ?» አለው። «ለምን አታመጣትም?»

«አራስ ናት። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ከቤት አትወጣም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ከማክሰኞ ጀምሮ እሺ ብቻ ትላለህ?»

«አምጣ አሉኝ እንጂ የት ናት ያለኝ የለም» አለ ጦና። «ሐኪም ሲያዝ እምቢ ይባላል?»

ኤርካሎም ቢሆን በዚህ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሺ ሲል ነው የኖረው።

ተነሳ። የሚያደርገውን ያውቃል፤ የሚያመጣበትንም ያውቃል። ከሱ በፊት በዚህ በር የነበረው ቦልቴ አንድ ጊዜ አንድ ወንድ አስታማሚ ያለ ሰዓቱ አስገብቶ፣ ጠብ ተነስቶ፣ በማግሥቱ ወደ ሬሳ ክፍሉ በር ተዛውሯል። እዚያ እስከ ጡረታው ቆየ። የሚያነጋግረው ሰው አጥቶ ከራሱ ጋር ማውራት ጀምሮ ነበር። ኤርካሎ ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። እናት ይላል። ስንት ጊዜ ቢያነቡትም እናት ነው የሚለው።

ከውስጥ የብረት ሳህን ሲቀመጥ ሰማ። ቱቦውን እያዘጋጁ ነው።

የጦናን ክንድ ያዘ። ና አለው። ጦና ወረቀቱን እያየ ወደኋላ ሸሸት አለ፤ ማንበብ ባይችልም ለምን እንደተለጠፈ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲያስረዱት ሰንብተዋል። ኤርካሎ በሩን ከፈተ።

ውስጥ ዶክተር ኢሳይያስ፣ ሲስተር አሳየሽ፣ ረድኤትና ሦስት ተማሪ ሐኪሞች የጥጉን አልጋ ከበው ቆመዋል። በየአልጋው ያሉት እናቶች ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። ሚስጥር አባቷን ስታይ ለቅሶዋን አቆመች። ሲስተር አሳየሽ ዞር አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆና የሠራች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሰው የሚፈራት ሴት ናት።

«ጋሽ ኤርካሎ፣ ወረቀቱን አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ ሲስተር።»

«ምን ይላል?»

«እናት ይላል። የዚች ልጅ እናት ግን አትመጣም፤ አራስ ናት፣ ኪንዶ ዲዳዬ ተኝታለች። ለዚች ልጅ እናቷ ይሄ ነው።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ ተወው። ኤርካሎ መናገር ከጀመረ ማቆም አልቻለም፤ አማርኛው እየተደነቃቀፈ፣ የቅሉን ነገር፣ የጉንጩን ነገር፣ ሰውየው ወተቱን እንዳልጠጣ ነገራቸው። ረድኤት ፊቷ ቀላ። መዝገቡን አየች፣ የጻፈችውን አየች። ጠይቄው ነበር፣ እሺ አለኝ እኮ አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደሚናገር ሰው። እሱ ሁሉንም እሺ ነው የሚለው ልጄ አላት ኤርካሎ፤ የነቀፋት እንዳይመስላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዶክተር ኢሳይያስ ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ልጅቷ ብዙ ጊዜ የላትም አለ። ሲስተር አሳየሽ የተለካውን ወተት ከጠረጴዛው አንስታ ለጦና አልሰጠችውም፤ ለረድኤት ሰጠቻት።

«ልጅቷ የአንቺ ናት» አለቻት። «አንቺ ወስኚ። እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

ረድኤት ኩባያውን ይዛ ቆመች። አብረው ከጠጡ ስንቱን እሷ ስንቱን እሱ እንደወሰደ እንዴት አውቃለሁ አለች። የተጻፈ ቁጥር ስህተት ከሆነ የሚታዘዘው ሁሉ ስህተት ይሆናል። ጥያቄዋ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

«የሱን ጉሮሮ እይው» አላት ኤርካሎ። «የዋጠ እንደሆን ይንቀሳቀሳል። ያንቺ ሥራ ጉሮሮውን ማየት ነው።»

ከዚያ ለጦና በወላይትኛ ነገረው፤ ከንፈርህን ብቻ አስነካ፣ ጥርስህን ግጠም፣ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ። ጦና ይህን ጊዜ እሺ አላለም። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጉንጩን ጉንጯ ላይ ለጠፈ። ረድኤት ኩባያውን ለሁለቱ አፍ ያዘችላቸው።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው አንገታቸውን አስግገዋል። ሚስጥር ከንፈሯን ኩባያው ላይ አደረገች። አልጠጣችም። ዓይኗን ወደ ጎን አዙራ የአባቷን ከንፈር አየች። እዚያው አለ። አንድ ጊዜ ዋጠች። ረድኤት ዓይኗን ከጦና ጉሮሮ ላይ አልነቀለችም፤ አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ ደግማ ዋጠች፣ ሦስተኛ ዋጠች፤ ከዚያ ትን አላት። ዶክተር ኢሳይያስ አንድ እርምጃ ተራመደ። ደረቷ እየተሰበረ እስኪመስል ሳለች፣ ከንፈሯ አመድ መሰለ፣ ተማሪዎቹ ኦክስጅኑን ሳቡት። ኤርካሎ ባላስገባሁት ኖሮ አለ በልቡ። ሬሳ ክፍሉ በር ታየው፤ ደግሞ ያ በር ለማን ሊከፈት እንደሚችል ሲያስብ በራሱ ፍርሃት አፈረ።

ሳሉ ለቀቃት። ጦና ጀርባዋን እየደባበሰ በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት፤ ኤርካሎ ግን አልሰማውም። እንደገና ጉንጩን አስጠጋ። ረድኤት ሲስተር አሳየሽን አየቻት። አሳየሽ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። ረድኤት ኩባያውን መለሰች፣ አሁን ዘንበል ያደረገችው ጥቂት ጥቂት ነው። ግማሹን ከጠጣች በኋላ ልጅቷን እንቅልፍ ጣላት።

ዶክተሩ ስኳሯ ይለካ፣ ቱቦው ለጊዜው ይቆይ አለ። ግማሽ በቂ አይደለም፣ የስድስት ሰዓቱን እናያለን ብሎ ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሄደ። ማንም አላጨበጨበም። የአረካዋ ሴት ብቻ ኤርካሎ ሲያልፍ፣ መቀርቀሪያውን ዛሬ ማን ሰበረው አለችው። ዝም በይ አላት፤ ድምፁ ግን ሊያስቅ የሞከረ ሰው ድምፅ አልነበረም።

አምስት ሰዓት ላይ ሲስተር አሳየሽ ወደ በሩ ወጣች። ኤርካሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የዝውውር ደብዳቤ ጠበቀ። እሷ ግን ወረቀቱን ስታነብ ቆየችና ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ አለችው። ሦስት ቀን ሠልጥኜ፣ ሌሎችን አሠልጥኜ፣ ቁጭ ብዬ ስጽፍ አባት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። ቀጥላ ደግሞ ወረቀቱን ብቻዋን መቀየር እንደማትችል፣ አስተዳደሩ ፈርሞበታልና ሰኞ ስብሰባ ላይ ማቅረብ እንዳለባት ነገረችው። እስከ ሰኞ አራት ቀን አለ። በአራት ቀን ውስጥ ልጅቷ ሠላሳ ጊዜ መጠጣት አለባት።

«በሩ ላይ ማን ነው ያለው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ማታስ?»

«ዱባለ።»

ገብታ እናቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ ወንድ ሰው ጥጉ ላይ ቢያድር የምትከፋ አለች ወይ ብላ። አንዳንዶቹ አቀረቀሩ። የአረካዋ ሴት ለሁሉም መለሰች። ሁለት ሌሊት መስኮት ሥር ዝናብ ሲመታው አይተነዋል፣ እሱ ልጁን ነው የሚያየው እንጂ እኛን አያይም አለች። ከጥጉ አልጋ ፊት አንድ አንሶላ ወጠሩ፤ አለቀ።

የስድስት ሰዓቱን ሚስጥር ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርጋ ጠጣች። ከዘጠኝ ሰዓቱ ሁለት ጉንጭ ብቻ ወስዳ መለሰችው፣ ከዚያም አስመለሳት፤ ረድኤት ሁሉንም ጻፈች። ማክሰኞ የጻፈችውንም አልፋቀችውም። ከሥሩ፣ የተሳሳተ ነው፣ አባት አልጠጣም ብላ ጻፈችና ፈረመችበት። ዶክተር ኢሳይያስ ማታ አሥራ ሁለት ላይ የሚሰጣትን ካልያዘች ነገ ጠዋት ሳይሆን ዛሬውኑ ቱቦውን አስገቡ ብሎ ትእዛዝ ጽፎ ሄደ። ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ እግሯ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ዱባለ የማታውን ተራ ሊረከብ መጣ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። ኤርካሎ ነገሩን ሁሉ አስረዳው። ዱባለ በበሩ መስታወት አጮልቆ አየና፣ የሚያጠባ ወንድ አገኘን በለኛ፣ ሚስቴን ልኬ ትየው እንዴ አለ። ኤርካሎ አልሳቀም። ዱባለም ሳቁን ሰብስቦ ወረቀቱን በጣቱ ነካው።

«ይሄስ? ነገ ተቆጣጣሪው ቢመጣ ምን ልበል?»

«ኤርካሎ ነው ያስገባው በል።»

«እሱንማ ሳትነግረኝም እል ነበር» አለ ዱባለ። «ሬሳ ክፍሉ በር ያለውን የቦልቴን ወንበር ግን ለሁለት አንችለውም።»

ኤርካሎ ሰውየውን መለመን አልለመደበትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተለመነው እሱ ነው። ምን እንደሚሉት፣ እናቶቹ በምን ቃል እንደሚለምኑት ያውቀዋል፤ ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱም አሁን አልመጣለትም። አንዴ ቆመህ እየው፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ አለው። ዱባለ ትከሻውን ነቀነቀ። ሁለቱም በበሩ መስታወት ፊት ቆሙ።

ውስጥ መብራት በርቷል። አንሶላው ገለጥ ብሏል። ረድኤት የምትሄድበት ሰዓት አልፎ አልሄደችም፤ የማታዋ ነርስ አጠገቧ ቆማ ታያለች። ረድኤት በጣቷ የጦናን ጉሮሮ እያሳየቻት አንድ ነገር ታስረዳለች። ኩባያው ወደ ሁለቱ አፍ ቀረበ። ኤርካሎ አንድ፣ ሁለት እያለ መቁጠር ጀመረ፣ ሰባት ላይ ጠፋበት። ሚስጥር መጠጣቷን አቆመች፣ ራሷን ወደኋላ አደረገች። ረድኤት አልገፋቻትም። ጠበቀች። ጦናም ጉንጩን ከልጅቷ ጉንጭ ሳያላቅቅ ጠበቀ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ። ልጅቷ ራሷን ወደ ኩባያው መለሰች።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሄደ ኤርካሎ አላወቀም። ዱባለ ከጎኑ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፏል። በመጨረሻ ረድኤት ቀና ብላ በመስታወቱ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየቻቸው። ኩባያውን ወደ እነሱ አንስታ ገለበጠችው። አንድ ጠብታ ብቻ ጫማዋ ላይ ወደቀ።

ዱባለ ሌሊት ሌሊት በሩን የሚዘጋበትን ወንበር ከበሩ ፊት ሳብ አድርጎ ወደ ጎን አስቀመጠና ተቀመጠበት።